ቁርጥራጩን አትጣይው፣ ደቦ ጥሪበት!

ስልክሽን በቀን ስንቴ ትከፍቺዋለሽ? ቁጥሩን ተይው፣ ሁላችንንም ያሳፍረናል። ሌላ ልጠይቅሽ፤ ዘግተሽው ስትነሺ እጅሽ ላይ ምን ቀረ?

የሰው ሙያ አይተሻል። "ወይ ጉድ፣ እጇ ይባረክ!" ብለሻል። ላይክ አድርገሽ አልፈሻል። መርፌ ግን አልያዝሽም።

ይሄ ዛሬ ያበቃል!

በዓለም ዙሪያ ሰዎች በኢንተርኔት እየተጠራሩ በያሉበት አብረው ይሰፋሉ። አንዷ አስተባባሪ ትሆንና በየሳምንቱ አንድ የካሬ ንድፍ ትለቃለች። ሁሉም በየቤቱ ያንኑ ንድፍ በገዛ ጨርቁ ይሠራዋል። ፎቶ ይላካል። የተጣመመበት ይጠይቃል፣ የተሳካለት ያሳያል። በሳምንቱ ሌላ ንድፍ ይመጣል። ወራት አልፈው ካሬዎቹ ሲገጣጠሙ አንድ ሙሉ የአልጋ ልብስ ይወጣል፤ አንዱ ካሬ ሌላውን የማይመስልበት፣ ከእራፊና ከብጣሽ ጨርቅ የተለቀመ።

ነገሩን ኢንተርኔት የፈጠረው እንዳይመስልሽ። ካንሳስ ሲቲ ስታር የሚባለው የአሜሪካ ጋዜጣ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1928 እስከ 1961 ድረስ የቅጥልጥል ጨርቅ ንድፎችን በተከታታይ ሲያትም ኖሯል። አንባቢዎቹ ንድፉን ከጋዜጣው ላይ ቆርጠው ያስቀምጡ፣ በየቤታቸው ይሰፉ ነበር። ለእነሱ ጋዜጣ ነበራቸው። ላንቺ ቴሌግራም አለሽ።

ከጋዜጣውም በፊት ደግሞ ደቦ ነበረሽ።

በደቡብ ወሎ፣ በቦረና፣ በለጋምቦ፣ በሳይንት አዝመራ ሲደርስ ገበሬው ደቦ ይጠራል። ደቦ የጠራ ሰው በነጋታው "ዛሬ ሙድ የለኝም" ብሎ ይተኛል? አይተኛም! ምግቡ ተሰናድቷል፣ ሰው መጥቷል፣ ማጭዱ ተስሏል። ወገቡን ቢያመውም ይነሣል።

ምስጢሩ ይኸው ነው። ሞቲቬሽን የሚሉትን ነገር አትጠብቂ። እሱ እንደ ፈቀደው የሚመጣ እንግዳ ነው። የሚጠብቅሽ ሰው ካለ ግን ሳትወጂም ትነሺያለሽ። ስለዚህ መጀመሪያ ጨርቅ አትፈልጊ። መጀመሪያ ሰው ፈልጊ!

አራት ሰው ይበቃል። ጎረቤትሽ፣ የትምህርት ቤት ጓደኛሽ፣ አክስትሽ፣ ልብስ ሰፊው የአጎትሽ ልጅ። ግሩፕ ክፈቺ። ስም ስጪው። "የስፌት ደቦ" በይው፤ ከፈለግሽ ሌላ። በመካነ ሰላም ካምፓስ የምትማሪ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሆንሽማ ዶርምሽ ራሱ ደቦ ነው፤ ምን ትጠብቂያለሽ?

ወንድሜ፣ አንተም ና። "የሴት ሥራ ነው" እንዳትለኝ። በየገበያው የስፌት መኪና ላይ ተቀምጦ የሚረግጠው ማን ነው? ሸማውንስ የሚሸምነው?

አሁን ወደ ጨርቁ።

የት እንደምትኖሪ አትርሺ። መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የጥቅምትና የኅዳር ሌሊት ምን እንደሚመስል ላንቺ አይነገርሽም። የጉጉፍቱንና የአቀስታን ብርድ የቀመሰ ደግሞ የበለጠ ያውቃል። እዚህ አገር ደራርቦ መልበስ ፋሽን አይደለም፤ ኑሮ ነው። በዚህ ቅዝቃዜ ውስጥ እየኖርሽ ሙቀት የሚሆን ጨርቅ በከረጢት ሙሉ ይጣላል?

አዎ፣ ይጣላል። አንድ ልብስ ሰፊ ቤት ግቢና ከመኪናው ሥር እዪ። የዩኒፎርም ትርፍራፊ፣ የቀሚስ ጫፍ፣ የሱሪ እግር ሲያጥር የተቆረጠች ቀለበት የምትመስል ጨርቅ። በመውሊድ፣ በዒድ፣ በመስቀልና በገና ዋዜማ ደግሞ ክምሩ እጥፍ ይሆናል። ዕጣው ምንድን ነው? ትራስ መሙያ ወይም እሳት ማቀጣጠያ።

"ጋሼ፣ ቁርጥራጩን ልጥረግልዎ?" በይ። ማን እምቢ ይልሻል? ቤቱን ጠርገሽለት ጨርቁን ይዘሽ ትወጫለሽ። ያንቺንም ቤት ፈትሺ። የተቀደደ የትራስ ልብስ፣ ልጁ ያደገበት ሸሚዝ፣ የእናትሽ የድሮ ቀሚስ ከነጥለቱ። ወደ ኮምቦልቻ የሚሄድ ዘመድ ካለሽ ጠይቂው፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ባለበት ከተማ የልብስ ትርፍራፊ ብርቅ አይሆንም።

አሁን አንድ ድምፅ ይሰማሻል። ከውስጥሽ ሊሆን ይችላል፣ ከአክስትሽም ሊሆን ይችላል። "ምነው፣ ድሪቶ ልትለብሺ ነው?"

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ነው። ድሪቶ ስንል ድህነት ይታየናል። የተጣፈ ልብስ የለበሰ ልጅ ክፍል ውስጥ ሲሳቅበት አይተናል። ስለዚህ ጨርቅ መቀጣጠል ውርደት መሰለን። ግን ልዩነቱን አስተውዪ። አንዱ ሌላ ስላጣ የጣፈው ነው፤ ሌላው ቀለም መርጦ፣ ለክቶ፣ አስቦበት ያዋቀረው። እሺ፣ እጦት የወለደውስ ቢሆን? አሜሪካ አላባማ ውስጥ ጊስ ቤንድ በምትባል የገጠር መንደር የሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያን እናቶች፣ ያረጀ የሥራ ሱሪና ሸሚዝ እየቀጣጠሉ ለልጆቻቸው ከብርድ መከላከያ ይሠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 እነዚያው የአልጋ ልብሶች ሂዩስተን ከዚያም ኒው ዮርክ በትልልቅ ሙዚየሞች ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ ፖስታ ቴምብር ላይ ታተሙ።

ድሪቶ ነበር። አሁንም ያው ጨርቅ ነው። የተለወጠው የተመልካቹ ዐይን ነው። ያንቺን ዐይን ደግሞ ሙዚየም እስኪለውጥልሽ አትጠብቂ።

"መኪና የለኝም" ትያለሽ? ይህችን ስሚ።

ሕንድ አገር ካርናታካ በሚባለው ግዛት ሲዲ የሚባሉ ሕዝቦች አሉ። አባቶቻቸው ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ከአፍሪካ ባሕር ተሻግረው የሄዱ ናቸው፤ ብዙዎቹም በባርነት። ሕንዶች እነዚህን አፍሪካውያን "ሀብሺ" ይሏቸው ነበር። በጦር መሪነቱ ስሙ የገነነው ማሊክ አምባርም ከእኛው አገር የሄደ ነው። የሲዲ ሴቶች እስከ ዛሬ ከአሮጌ ልብስ ካዋንዲ የሚባል ብርድ ልብስ ይሠራሉ። መኪና የለም። መርፌ፣ ክርና መሬት ላይ የተነጠፈ ጨርቅ ብቻ። ከዳር ይጀምራሉ፤ ቁራጩን አጥፈው እየሰፉ፣ ዙሪያውን እየዞሩ ወደ መሀል ይገባሉ። መሀል ሲደርሱ አለቀ። በአራቱም ማዕዘን ላይ አበባ የሚሏትን ትንሽ ጥፍ ያኖራሉ። እሷ ከሌለች ብርድ ልብሱ ራቁቱን ነው ባዮች ናቸው።

ከአፍሪካ ባሕር ተሻግረው የሄዱ እናቶች ልጆች፣ በባዕድ አገር፣ በእጃቸው! አንቺ መኪና እስክትገዢ ትጠብቂያለሽ?

አትጠብቂ።

ስለዚህ እቅዱን እናውጣ። ሃያ ካሬ። በሳምንት አንድ። እያንዳንዱ ተሰፍቶ ሲያልቅ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር። አራቱን ወደ ጎን፣ አምስቱን ወደ ታች ስትደረድሪ 120 በ150 ይመጣል፤ ለልጅ ብርድ ልብስ፣ ላንቺ ጭንሽ ላይ የሚጣል። በመስከረም መጀመሪያ ብትነሺ ጥር ሳያልቅ ሃያውም እጅሽ ላይ ናቸው። ትልቅ አልጋ ይሁን ካልሽ ቀጥይ፣ ማን ያስቆምሻል? ለመጀመሪያ ግን ሃያ ይበቃል። ትልቅ ጀምሮ ከመተው ትንሽ ጀምሮ መጨረስ ይሻላል።

ጨርቁን መጀመሪያ እጠቢው። በተለይ ቀዩን! እርጥብ ነጭ ጨርቅ ወስደሽ እሺበት፤ ከለቀቀ ለብቻው ደጋግመሽ እጠቢ፣ አሁንም ከለቀቀ ተሰናበቺው። ጥጡን ከጥጥ፣ ተትሮኑን ከተትሮን ጋር አድርጊ፤ የከሰል ካውያ ሲያርፍበት አንዱ ይችላል፣ አንዱ ይኮማተራል።

የመጀመሪያዋ ካሬ ዘጠኝ ቁራጭ ያላት ትሁን። የብስኩት ካርቶን ላይ 12 በ12 ሳንቲ ሜትር ለክተሽ ቁረጪ፤ ይህ መለኪያሽ ነው። ጨርቁ ላይ አስቀምጠሽ በደረቀች የሳሙና ቁራጭ ዙሪያውን አስምሪ። ልብስ ሰፊዎቹ የሚያደርጉት እንዲሁ ነው፤ ጠመኔ መግዛት አያስፈልግሽም። አምስት ጠቆር ያሉ፣ አራት ፈካ ያሉ ቁረጪ። ጠቆር፣ ፈካ፣ ጠቆር። ቀጥሎ ፈካ፣ ጠቆር፣ ፈካ። ከዚያ እንደ መጀመሪያው። ሁለቱን ፊት ለፊት ገጥመሽ ከጫፉ አንድ ሳንቲ ሜትር ገብተሽ ስፊ። ሦስት ሦስቱ ሲያያዙ ሦስት መስመር ይወጣሉ። አሁን ብልሃቷ መጣች፤ የላይኛውንና የታችኛውን መስመር ስፌት ወደ ግራ ተኩሺ፣ የመሀሉን ወደ ቀኝ። መስመሮቹን ስታጋጥሚ ስፌቶቹ ጎን ለጎን ይተኛሉ እንጂ አይደራረቡም፤ ማዕዘኑ እንደ ቢላ ስለት ይገጥማል።

ሲገጥም ታዪዋለሽ። ጣትሽ ላይ ይሰማሻል። ከዚያች ደቂቃ በኋላ አንቺን የሚያስቆምሽ የለም።

በሁለተኛው ሳምንት አራት ቁራጭ፤ እያንዳንዱን 17 ሳንቲ ሜትር አድርገሽ። በሦስተኛው ሦስት ማዕዘን። ሁለት 19 ሳንቲ ሜትር ካሬዎች ገጽ ለገጽ ትገጥሚና ከማዕዘን ማዕዘን መስመር ታሰምሪያለሽ፤ ከመስመሩ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ሳንቲ ሜትር ርቀሽ ሁለት ጊዜ ትሰፊና መስመሩ ላይ ትቆርጫለሽ። ሁለት ባለ ሁለት ቀለም ካሬ በአንዴ! ወደ 17 አስተካክለሽ ከርክሚያቸው። እንዲህ አራት ስትሠሪ አንዷ ካሬ ሞላች፤ እንዴት እንደምታዞሪያቸው ያንቺ ፈንታ ነው። በአራተኛው ሳምንት ከመሀል ትንሽ ካሬ ተነሥተሽ ዙሪያዋን በቀጫጭን ጨርቅ እየከበብሽ የምታሳድጊያት። ከዚያ በኋላ የግሩፑ ተራ ነው፤ በየሳምንቱ አንዱ ንድፍ ያምጣ። ከውጭ አገር ሰዎች ስትወስዱ በኢንች ያገኛችሁታል፤ በ2.54 አባዙት። ቋንቋውን ባታውቁትም ሥዕሉና ቁጥሩ ይናገራል።

ቀለም? የፈለግሽውን። እኔ በግሌ ሐምራዊ ከብርቱካናማ አጠገብ ሲቀመጥ ዐይኔን ያመኛል። ማን ጠየቀኝ? አልጋው ያንቺ ነው።

ሃያው ሲያያዝ ውስጡን አስቢ። አሮጌ ጋቢ አለ? ይኼ ሀብት ነው! ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ በአንዴ ልትሰፊው ብትሞክሪ መርፌሽ ይጎብጣል። ፍቺውና ሁለቱን ድርብ ብቻ ውሰጂ። ከሥር አቡጀዲ፣ ከመሀል ጋቢው፣ ከላይ ያንቺ ካሬዎች። በረጅም በረጅሙ ስፌት ሦስቱን አያይዢያቸውና በትንንሹ ከመሀል ወደ ዳር ስፊ። በመጨረሻ ጠርዙን ቀምቅሚው።

"ጊዜ የለኝም።"

ቡና ትጠጫለሽ? ወሎ ውስጥ ሆነሽ አልጠጣም እንዳትይኝ! አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ጨርቅሽንና መርፌሽን በቅርጫት አድርገሽ ረከቦቱ አጠገብ አስቀምጪ። አቦሉ እስኪፈላ አንድ ስፌት። ቶናው እስኪደርስ ሌላ። አዲስ ሰዓት መፍጠር አይጠበቅብሽም፤ ባለሽ ልማድ ላይ አንድ ቀጥይበት። አዲስ ልማድ ብቻውን አይቆምም፤ የቆየውን ተደግፎ ይቆማል።

"ኔትወርክ ይጠፋል።"

ይጠፋል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ስንት ወር እንደኖርን እናውቃለን። ስለዚህ ብልጥ ሁኚ። ንድፉ እንደ መጣ ደብተር ላይ ሥዪው፣ ልኬቱን ጻፊው። ዳታ ሲጠፋ ጨርቁ አይጠፋም። ፎቶውን ሲመለስ ትልኪያለሽ። ሰፈር ውስጥ ላሉት ደግሞ ምን ዳታ ያስፈልጋል? ይዘሽ ሂጂና አሳዪ!

"በዚህ ክፉ ጊዜ ስፌት?" የሚለውም አለ። ይህ ከባዱ ጥያቄ ነው፤ በችኮላ አልመልሰውም።

ጄን ስቲክል የምትባል ሴት በአሜሪካ ቨርሞንት በሚባል ብርዳማ ግዛት ትኖር ነበር። አገሯ እርስ በርሱ ይዋጋል፤ እ.ኤ.አ. ከ1861 እስከ 1865። ጄን ጨርቅ ትቆርጣለች። 169 ካሬ፣ እያንዳንዱ ወደ 13 ሳንቲ ሜትር፣ ሁሉም የተለያየ። ዳሩ ላይ ደግሞ ሦስት ማዕዘኖች። ስትጨርስ በአንዱ ማዕዘን ላይ ስሟን፣ ዓመቱን 1863፣ 5,602 ቁራጭ እንዳለው፣ ደግሞም ጊዜው የጦርነት ጊዜ እንደነበር በክር ጻፈችበት። ዛሬ በቤኒንግተን ሙዚየም ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1996 ስለ እሱ የተጻፈ መጽሐፍ ከወጣ ወዲህ በብዙ አገር ያሉ ሰዎች፣ አብዛኞቹ በኢንተርኔት ተጠራርተው፣ የጄንን ካሬዎች አንድ በአንድ እንደገና ሰፍተዋል።

ጦርነቱን ስፌቷ አላስቆመውም። እሷም እንዲያስቆም አልጠበቀችም። ግን ቁራጯን ቆጥራለች፤ ቀኗ ከእጇ እንዳልወጣ ታውቃለች። አንቺም ቀንሽን ያዢው። ስትጨርሺ ማዕዘኑ ላይ ስምሽን፣ ዓመተ ምሕረቱንና "መካነ ሰላም" ብለሽ ጥለፊበት።

አንድ ሰው ደግሞ ግሩፑ ውስጥ አስገቢልኝ። ጅዳ ወይም ቤይሩት ያለችውን እህትሽን። የደቡብ ወሎ ቤት ሁሉ ባሕር ማዶ የሄደች ልጅ አለችው ማለት ይቀላል። በስልክ ምን ታወራላችሁ? "ደህና ነሽ? እማዬ ደህና ናት? ብር ደረሰ?" ከዚያ ዝም። አሁን ሌላ ወሬ ይኖራችኋል። "ያንቺ ሦስት ማዕዘን ምነው ተንጋደደ?" ትልሻለች። "ያንቺስ፣ ያን አረንጓዴ ከየት አመጣሽው?" ትያታለሽ። በዕረፍት ቀኗ አንዲት ካሬ ትሠራለች። በሚመጣ ሰው እጅ ትልካታለች፤ ፖስታ ውስጥ ታጥፋ ትገባለች፣ ኪሎ አትቆጥርም። መሀል ላይ እሷን አድርጊያት።

እናትሽንም ጋብዢ። "ዐይኔ አያይም" ትላለች። መርፌውን አንቺ ክር አስገቢላት፣ ቀለሙን እሷ ትምረጥ። የትኛው ጨርቅ የየትኛው ዓመት ቀሚስ እንደነበር ስትነግርሽ አትቸኩይ።

"ፍጹም ካልሆነ አልልክም" የምትዪው ነገርስ? እሱን ዛሬውኑ ጣይው! ደቦ ላይ የአንዱ ነዶ ትልቅ፣ የሌላው ትንሽ ነው፤ ማሳው ግን ይታጨዳል። የተጣመመችውን ላኪ። ተጣማ የመጣችውን ሌላዋ አይታ "እፎይ፣ እኔ ብቻ አይደለሁም" ብላ የራሷን ትልካለች። የአንቺ ጠማማ ካሬ ሦስት ሰው ያስጀምራል። አንድ ሳምንት አመለጠሽ? አትውጪ! ያመለጠሽን ተይና የዚህን ሳምንት ስፊ። ያለፈው በመጨረሻ ይሟላል።

እንግዲህ ለመጀመሪያው ሳምንት ሥራሽ ይኸው፤ ዛሬ ማታ ለአራት ሰው መልእክት። ነገ ልብስ ሰፊው ዘንድ። ማጠብ፣ ማስጣት፣ መተኮስ። አምስት ጠቆር፣ አራት ፈካ። መቀስ ከሌለሽ ከጎረቤት ተዋሺ፤ ሳትመልሺ ደግሞ እንዳታስቀሪባት፣ እሷም ግሩፑ ውስጥ ናት። ፎቶው እስከ እሑድ ማታ ሦስት ሰዓት ይግባ። ያረፈደ ሰው የሚቀጥለውን ሳምንት ንድፍ መርጦ ያመጣል፤ ቅጣት ነው ወይስ ሹመት፣ እዚያው ተከራከሩበት።